ቤትሽ ውስጥ ዱላ ካለ፦ ከአንዲት ራፖር ጸሐፊ

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር እጽፋለሁ። የድንበር ክስ፣ የውርስ ማመልከቻ፣ የቀለብ ጥያቄ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ከሁሉ የሚከብደኝ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ የምትመጣ ሴት ጉዳይ ነው። "እትዬ፣ ፍቺ ጻፊልኝ" ትለኛለች። ለምን ስላት "አልተስማማንም" ትላለች። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ዱላው ይወጣል። የዓመታት ዱላ ነው። ግን ለማንም አልተነገረም፣ የትም አልተጻፈም፣ ቁስሉም ድኗል።

ይህን የምጽፈው ለዚያች ሴት ነው። እኔ ጋ ወይም ሌላ ጸሐፊ ጋ ከመድረሷ በፊት እንድታገኘው እፈልጋለሁ። ፊደል ካልቆጠረች ልጇ ወይም ጎረቤቷ ያንብቡላት።

እህቴ፣ ዱላውን ማስቆም የአንቺ ዕዳ አይደለም። ጥፋቱ የመቺው ነው። አንቺ ማድረግ የምትችይው ሰውና ወረቀት አስቀድመሽ መያዝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ነው።

የደረሰብኝ ጥቃት ነው ወይስ ጠብ?

"ባልና ሚስት ይጣላል፣ ይታረቃል" ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እውነት ነው፣ ይጣላል። በጠብ ጊዜ ግን ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይቆጣሉ፣ ሲበርድላቸውም ሁለቱም ሳይፈሩ ይተኛሉ። አንቺ የእግሩን ኮቴ ስትሰሚ ልጆቹን ዝም የምታሰኚ ከሆነ፣ ከአፍሽ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቃል የምትመዝኚ ከሆነ፣ ያ ጠብ አይደለም።

ጥፊ፣ ፍልጥ፣ ፀጉር መጎተት፣ ማነቅ፣ ማቃጠል ግልጽ ናቸው። ሌላም አለ። ጠመንጃውን አውርዶ እየወለወለ "አንድ ቀን ታያለሽ" ማለት ጥቃት ነው። ሳትፈልጊ አስገድዶ መገናኘት ጥቃት ነው። አብራችሁ አርማችሁ፣ አብራችሁ አጭዳችሁ፣ ጤፉ ገበያ ሲወጣ ብሩን አለማሳየት፣ የእንቁላልሽን ሽያጭ እንኳ መቀማት ጥቃት ነው። እናትሽ ቤት፣ ጽዋ ማኅበር፣ ለቅሶ ቤት እንዳትሄጂ መከልከልም እንዲሁ። ከሰው የሚነጥል ባል ምስክር እያሳጣሽ ነው።

ይህ በአንቺ ቤት ብቻ የደረሰ አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ትዳር ካዩ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የሥነ ልቦና ጥቃት ደርሶባቸዋል። እኔን ያሳዘነኝ ሌላው ቁጥር ነው። ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጅ ብትዘነጋ፣ ብትከራከረው ወይም አልተኛም ብትለው፣ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ናቸው። ከወንዶቹ ይልቅ እኛ! "ትዳር ነው፣ ቻይው" እየተባልን ስላደግን ነው። ስለዚህ ገመናሽን የምታካፍያትን ሴት ስትመርጪ ተጠንቀቂ። እናትሽም ብትሆን "ቻይው" ባይ ከሆነች መጀመሪያ ለሌላ ሰው ንገሪ።

ነገ አትበይ የምልሽ ጊዜ

አንዳንድ ምልክት ሲታይ "እስቲ ልየው" አይባልም። አንቆሽ ያውቃል? ጠመንጃ ወይም መጥረቢያ አንስቶብሽ ያውቃል? "ገድዬሽ እሞታለሁ" ይላል? እርጉዝ ሆነሽ መታሽ? ዱላው ከዓመት ዓመት እየከፋ፣ አረቄው እየበዛ መጣ? በሄድሽበት እየተከተለ ይሰልልሻል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው።

ስለ ማነቅ ለብቻው ልንገርሽ፣ ሴቶች ብዙ ጊዜ ስለሚያቃልሉት። "ያዘኝ እንጂ አልመታኝም" ይሉኛል። አንገትሽ ታንቆ ከነበረ ቆዳሽ ላይ ምንም ባይታይም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ድምፅሽ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን ስተሽ ወይም ሽንት አምልጦሽ ከነበረ ሳታፍሪ ተናገሪ። እብጠቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣና ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ሴት ልትወጣ ስትነሳና በወጣች ሰሞን አደጋው ይብሳል። ስለዚህ "እሄድልሃለሁ" ብለሽ አትዛቺበት። ዝግጅትሽን ለእሱም ለእናቱም አትንገሪ። ለትንንሽ ልጆችም ቢሆን አትንገሪ፣ ልጅ ምስጢር አይችልም።

ቀድሞ የሚዘጋጅ

አንዲት ሴት ምረጪ። ጎረቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የልጅሽ መምህርት፣ የጽዋ ጓደኛሽ፣ ማንም ትሁን፣ አፏ የተቆጠበ ይሁን። የሆነውን በሙሉ ንገሪያት። ከእሷ ጋር አንድ ምልክት ተነጋገሩ። የማውቃት አንዲት እናት ልጇን በምሽት "እርሾ ስጡኝ በይ" ብላ ትልክ ነበር። ጎረቤቷ እርሾ በምሽት እንደማይፈለግ ስለምታውቅ ሰው ይዛ ትደርሳለች። እናንተም የራሳችሁን አብጁ።

ከዚያ ፌስታል ወይም ትንሽ ቦርሳ እሷ ቤት አስቀምጪ። መታወቂያሽ፣ የሰማንያው ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የምትወስጃቸው መድኃኒቶች፣ ቅያሪ ልብስ፣ ለመኪና የሚሆን ብር ያስፈልጉሻል። ዋናውን ብትወስጂበት የሚያውቅብሽ ከሆነ ኮፒ ይበቃል። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አስነሺው። በእኛ ክልል ደብተሩ በባልም በሚስትም ስም የሚወጣ ነው፣ ፎቶሽም እዚያው ላይ አለ። እሱን የያዘች ሴትና ያልያዘች ሴት ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ልዩነቱን በዓይኔ አያለሁ። ምን እንደሆነ ያልተነበበልሽ ወረቀት ላይ ደግሞ አትፈርሚ፣ ጣትሽንም አታሳርፊ።

ስልክሽን የሚፈትሽ ከሆነ በጎረቤት ስልክ ደውዪ፣ በራስሽ ከደወልሽም ቁጥሩን ከደወልሽው ዝርዝር አጥፊ። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የሚደውሉበት አለኝታ የሚባለው ነፃ መስመር 6388 ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በ7711 ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሰላም በሆነ ቀን ደውለሽ ሞክሪያቸው። የወረዳሽን ፖሊስ ስልክም ጠይቀሽ በቃልሽ ያዢ።

ሲመታሽ ወደ ማድ ቤት አትሽሺ፣ እዚያ ቢላውም እሳቱም አለ። በር ወዳለበት ተጠጊ። መውጣት ካልቻልሽ ጥግ ላይ ተኮራምተሽ ራስሽንና አንገትሽን በክንድሽ ሸፍኚ። እሪ በይ። ሴቶች ለልጆቻቸው ሲሉ ጩኸታቸውን ይውጡታል። ጎረቤት የሰማው እሪታ ግን ነገ ፍርድ ቤት የሚቆምልሽ ምስክር ነው። ጠመንጃውን ለመቀማት ወይም ለመደበቅ አትሞክሪ፣ ስለ ጠመንጃው ለፖሊስ ንገሪ።

በማግስቱ፦ መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ፖሊስ

ብዙ ሴቶች ያለ ፖሊስ ደብዳቤ የማይታከሙ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ታከሚ። ለሐኪሙ "ወደቅሁ" አትበዪው። ማን፣ በምን፣ የት ላይ እንደመታሽ ንገሪውና ካርድሽ ላይ እንዲጽፈው ጠይቂ። ፖሊስ ኋላ የሕክምና ማስረጃ በደብዳቤ ሲጠይቅ ሆስፒታሉ የሚመልሰው ከዚያ ካርድ ላይ ነው። ካርድሽ ላይ "ከደረጃ ወድቃ" ከተባለ እኔ የፈለገውን ባሳምር ማመልከቻው አይቆምም። ቁስሉን ፎቶ አስነሺ፣ በማግስቱም ሲበልዝ ድገሚው።

ተገደሽ ተደፍረሽ ከሆነ ጊዜው አጭር ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለው ክኒን እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ እሱም በዘገየ ቁጥር ይደክማል። ማስረጃው እንዳይጠፋ ከቻልሽ ሳትታጠቢ ሂጂ። የለበስሽውን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልይው እንጂ ላስቲክ ውስጥ አትክተቺው፣ ይበሰብሳል። ባሕር ዳር አጠገብ ያለሽ ከሆነ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩንና የሕጉን ጉዳይ አንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ሌላ ቦታ ከሆነ የከተማውን ሆስፒታል ጠይቂ።

ፖሊስ ጣቢያ ስትደርሺ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ ክፍል ወይም ባለሙያ ጠይቂ። ቃልሽን የምትሰጪው እንዲህ ነው። "ባለቤቴ ሁልጊዜ ስለሚበድለኝ ፍትሕ ይሰጠኝ" የሚለው ዳኛን አይረዳም። "ኅዳር 13 ቀን፣ በሚካኤል ማግስት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ከገበያ ሲመለስ በፍልጥ ግራ ክንዴን ሁለት ጊዜ መታኝ፤ ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምተው ገቡ" የሚለው ግን ክስ ነው። ቀኑ ከጠፋብሽ በዓሉን ወይም የገበያውን ቀን አስታውሺ፣ ቀኑን ከዚያ እናወጣዋለን። የቀድሞውንም ዱላ ጨምረሽ ተናገሪ። ስትጨርሺ ቃልሽ ይነበብልሽና ከዚያ ፈርሚ። የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይዘሽ ውጪ።

"ሂጂ ታረቂ" ብለው ከመለሱሽ ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ዐቃቤ ሕግ አነጋግሪ። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤ ሊጽፍልሽ፣ ሰው አብሮሽ ሊልክ ይችላል። መጠለያ ያስፈልገኛል የምትይውም እዚሁ ነው። ብቻሽን አትሂጂ። ሁለት ሆኖ የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም።

ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርን ሰው መጉዳት ወንጀል ነው ይላል። ስለዚህ ሰማንያ አልያዝኩም ብለሽ አትቅሪ። የተመታ ባልም በዚሁ አንቀጽ መክሰስ ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላሉ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፣ አቤቱታውም በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ለገና ተመትታ ለፋሲካ የምትመጣ ሴት በዚህ ምክንያት ክሷን ስታጣ አይቻለሁ። ትዳር ውስጥ ተገዶ መደፈርን በተመለከተ ሕጉ ክፍተት አለው፣ አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስላለው ነው። ይህ እንዲቀየር እኔም አጥብቄ እፈልጋለሁ። በዚያ ጊዜ የደረሰብሽ ጉዳትና ማስፈራሪያ ግን ያስከስሳልና አትደብቂው።

ስታገቢ 18 ዓመት ያልሞላሽ ከሆነም ተናገሪ። ያ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ስለ ሽምግልና

ገና ፖሊስ ጋ ከመድረስሽ ሽማግሌ ይላክብሻል። እኔ ሽምግልናን አልንቅም፣ የጎጃም ሽማግሌ ስንት ደም ያደረቀ ነው። ለሚስት ዱላ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ደም ሲደርቅ ሁለቱ ወገኖች ተጨባብጠው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፣ አገር ሁሉ ያያቸዋል። ባልና ሚስት ግን በታረቁበት ማታ አንድ ቤት ይገባሉ። በሩ ይዘጋል። የጠራው ዋስም የራሱ ቤት ገብቶ ይተኛል።

አልታረቅም ማለት መብትሽ ነው። መቀመጥ ካለብሽ ደግሞ ታክመሽ፣ ቃልሽን ሰጥተሽ ከዚያ ተቀመጪ። በአንቺ በኩል የሚናገር ሰው ይኑር። እሱ ፊት እንዳትጠየቂ፣ ለብቻሽ እንዲያነጋግሩሽ ጠይቂ። ዕርቁ እስኪጨርስ ቤትሽ ሳይሆን ወላጅሽ ወይም ዘመድሽ ቤት ሁኚ። የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፣ "ሁለተኛ አልመታም" የሚለውም "እስከ ዛሬ መትቻለሁ" የሚለውም ይጻፍ። "መጀመሪያ ክሱን አንሺ" ካሉሽ እንቢ በይ።

"በቁርባን ነው የተጋባነው፣ ምን ልሁን?" የምትለኝ ሴት ብዙ ናት። ፖሊስ ጋ መሄድ ፍቺ አይደለም። ራቅ ብሎ መቀመጥም ፍቺ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ገልጠሽ ንገሪያቸውና ባልሽን ጠርተው ዱላው ኃጢአት እንደሆነ እንዲነግሩት ለምኛቸው። መልሳቸው "ታገሺ" ብቻ ከሆነ ሌላ አባት አለ።

ፍርድ ቤት ከደረስሽ

ለፍቺ የእሱን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። ዱላውን ግን ማመልከቻው ላይ አስጽፊው፣ ዳኛው ለማስታረቅ ጊዜ ልስጥ ወይ ብሎ ሲያስብ እንዲያውቀው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹ ማን ጋ እንዲቆዩ፣ ቀለብ ስንት እንዲከፈል፣ ከቤቱ ማን እንዲወጣ፣ ንብረቱ እንዳይሸጥ ትእዛዝ እንዲሰጥልሽ በዚያው ማመልከቻ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ ማንም አያስታውስልሽም። "ጥላ ከወጣች ምንም አይደርሳትም" የሚባለው ሐሰት ነው። አብራችሁ ያፈራችሁት ለሁለት ይካፈላል።

ለዳኝነት የሚከፈል ከሌለሽ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አጽፊና በደሃ ደንብ ክሰሺ። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ራፖር ጸሐፊም ከመቀመጥሽ በፊት ዋጋውን ይንገርሽ። ጨርሶ ሲሰጥሽ ሳይነበብልሽ አትቀበዪ፣ አንድ ኮፒም ለራስሽ አስቀሪ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት በብዙ ቀበሌ ፖሊስም ዳኛም የማይገኝበት ጊዜ አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ስልክም ይጠፋል። ያን ጊዜ ያለሽ ሰው ነው። ጤና ኬላው ክፍት ከሆነ እዚያ አስመዝግቢ። ያየሽ ሰው የሆነውን ከነቀኑ በደብተር ይጻፍልሽ። መንገዱ ሲከፈት በቀን፣ ከሌሎች ገበያተኞች ጋር ተቀላቅለሽ ወደ ከተማ ውጪ። ሌሊት ብቻሽን አትውጪ።

ለጎረቤትና ለቤተሰብ

አባቶች፣ ወንድሞች፣ የተመታች ልጃችሁ ስትመጣ "ባልሽ ቤት ግቢ" አትበሏት። ጠመንጃ ይዛችሁም አትሂዱበት። እሷ የምትፈልገው ማደሪያና አብሯት ጣቢያ የሚሄድ ሰው እንጂ ሌላ ደም አይደለም። "ምን አድርገሽው ነው?" የሚለውን ጥያቄ ተዉት። "አሁን ምን ላግዝሽ?" በሏት። ከእሱ ጋር ተመልሳ ብትገባም አትቆጧት፣ ሴት ጨርሳ እስክትወጣ ደጋግማ ትመለሳለች። ያን ጊዜ የተቆጣችኋት ከሆነ በቀጣዩ ዱላ አትመጣም።

ለምስክርነት መጥሪያ ሲደርሳችሁ ደግሞ "በሰው ትዳር አልገባም" ብላችሁ አትቅሩ። ዳኛው የሚጠይቃችሁ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይደለም። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ እሪታውን በስንት ሰዓት እንደሰማችሁ፣ ስትገቡ ማን የት እንደቆመ፣ በእጁ ምን እንደያዘ፣ ፊቷ ላይ ምን እንዳያችሁ። የሌላ ሰው ወሬ አትጨምሩበት። ቀጠሮው ቢራዘም አዲሱን ቀን ከችሎት ጸሐፊው ጠይቃችሁ ተመለሱ።